«መሬቱን ማን ሰጣችሁ?» የሦስቱ ግልገሎች ተረት እንዴት ይነበባል

ሦስት አሳማዎች፣ ሦስት ቤቶች፣ አንድ ተኩላ። ተረቱን በካርቱንም ሆነ በእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ያገኘ ልጅ መጨረሻውን በቃሉ ያውቀዋል፤ የሰነፎቹ ቤት ፈረሰ፣ የታታሪው ቆመ። ችግሩ የሚመጣው ይህንኑ ተረት ወደ አዲስ አበባ ዳርቻ አምጥቶ እንደ አዲስ የሚተርክ ተረት ስናነብ ነው። የለመድነው መጨረሻ ቀድሞን ይደርስና አዲሱ ተረት የሚለውን እንዳንሰማ ጆሯችንን ይዘጋዋል። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሱሉልታ፣ ከለገጣፎ እስከ ፉሪ የቤትና የመሬት ጉዳይ የየዕለቱ ጭንቀት በሆነበት በዚህ ጊዜ ተረቱን አሳስቶ ማንበብ ቤቱ በፈረሰበት ሰው ላይ መፍረድ ይሆናል።

ተረቱ አጭር ስለሆነ ሙሉውን ማስቀመጥ ይሻላል።

አንዲት ፍየል ሦስት ግልገሎች ነበሯት። መኖው አለቀና «ከእንግዲህ የማበላችሁ የለኝም፤ ሂዱ፣ ራሳችሁን ቻሉ» አለቻቸው። ከተማው አልቆ እርሻው ከሚጀምርበት ደረሱ። ወሩ ጥር ነው። ታላቅየው በአህያ ጭድ የጫነ ሰው አገኘ። «እባክህ ጭዱን ስጠኝ» አለው፤ ሰጠው፤ ቤት ሠራ። መካከለኛዋ የባሕር ዛፍ አጣና የጫነ ሰው አገኘች። ለመነችው፤ ሰጣት፤ ማገር መታች፣ ጭቃ አቦካች፣ ቤት ሠራች። ታናሽየው ብሎኬት የጫነ መኪና አገኘ። ለመነ፤ ሰጡት፤ ጨረቃዋ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ሲደረድር አደረ።

ጅብ መጣ። የጭዱን ቤት አንዴ እፍ አለው፤ በነነ። ታላቅየው ወደ እኅቱ ሸሸ። ጭቃ ቤቱን ጅቡ ቢነፋው ቢነፋው አልነቃነቅ አለው። ክረምቱን ተቀምጦ ጠበቀ። በነሐሴ የግድግዳው እግር ሲረሰርስ በትከሻው ገፋው። ሁለቱ ወደ ታናሻቸው ሸሹ። ጅቡ የብሎኬቱን ቤት ነፋ፣ ገፋ፣ አቃተውና ሄደ። በጋው ሲገባ ከመስኮቱ ማዕዘን ጥፍር የማታስገባ ስንጥቅ ታየች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ጅቡ ነው፤ በብብቱ ወረቀት ይዟል። በቀን የመጣ እንግዳ አይመለስምና ቁርበት አነጠፉለት፣ ጀበና ጣዱለት። ጅቡ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ ግድግዳውን ዙሪያውን ቃኘና «ብሎኬቱን ማን እንደሰጣችሁ አውቃለሁ። መሬቱን ማን ሰጣችሁ?» አለ። ግልገሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቡናው ገነፈለ።

ተረቱ እዚህ ላይ ይቆማል።

የድሮው ተረት ስለ ስንፍና አይናገርም

እንዲህ ያለ ዳግም የተተረከ ተረት በእጅ ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ የድሮውን ማግኘት ነው። የድሮው ማለት ደግሞ የምናስታውሰው ሳይሆን የታተመው ነው። ጆሴፍ ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የእንግሊዝ ተረቶች ስብስብ ውስጥ እናቲቱ አሳማ ልጆቿን የምትልካቸው የምታበላቸው ስላጣች ነው። የመጀመሪያው አሳማ መንገድ ላይ ጭድ የተሸከመ ሰው ያገኛል፤ ሁለተኛው እሾሃማ ቁጥቋጦ የተሸከመ ሰው፤ ሦስተኛው ጡብ የተሸከመ ሰው። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቃል ይለምናሉ፣ ሦስቱም ይሰጣቸዋል። ታታሪው ጡብ መረጠ፣ ሰነፉ ጭድ መረጠ የሚል ነገር የለም። የቤታቸውን ዓይነት የወሰነው መንገድ ላይ ያጋጠማቸው ሰው ነው። ሁለቱ ይበላሉ፤ ሦስተኛው ተኩላውን በጭስ ማውጫው ሲወርድ በፈላ ውሃ ድስት ተቀብሎ ለእራት ያደርገዋል።

ስንፍናውን በዓለም ዙሪያ ያሰራጨው የዋልት ዲዝኒ አጭር ፊልም ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በፊልሙ አንዱ ዋሽንት፣ ሌላው ቫዮሊን ይጫወታል፤ ሥራውን በችኮላ ጨርሰው ይጨፍራሉ፤ ሦስተኛው ብቻ ፊቱን አጨማዶ ጡብ ይደረድራል። ሁለቱ አይበሉም፣ ወደ ወንድማቸው ሸሽተው ይድናሉ። አሜሪካ በከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ለነበረችበት ጊዜ «ሥራ፣ ትድናለህ» የሚለው መልእክት ምን ያህል እንደሚጥም መገመት አይከብድም። ከጄኮብስ በፊትም ተረቱ አንድ መልክ ብቻ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1853 ከእንግሊዝ ዳርትሙር አካባቢ ተመዝግቦ በታተመው ላይ አሳማ የለም፤ የእንጨት፣ የድንጋይና የብረት ቤት ያላቸው ትንንሽ መናፍስትና አንድ ቀበሮ ናቸው። እያንዳንዱ ዘመን ቤቱን የሚሠራው በእጁ ባለው ነገር ነው።

ስለዚህ የግልገሎቹ ተረት ከሁለት ምንጭ ቀድቷል ማለት ነው፤ መሸሹን ከፊልሙ፣ መለመኑንና መሰጠቱን ከ1890ው መጽሐፍ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። ጽሑፉን ጎን ለጎን አስቀምጡና በወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ማን ሰጠ፣ ምን ሰጠ፣ ስንት ጊዜ ፈጀ፣ በምን ፈረሰ። የመጀመሪያው ዓምድ ሦስት ጊዜ ይሞላል። ለአራተኛ ጊዜ ጅቡ ይመጣና ያንኑ «መስጠት» ለመሬቱ ይጠይቃል፤ «ማን ሰጠ» በሚለው ዓምድ ግን የመሬቱ ቦታ ባዶ ነው። አንባቢው እስከዚያች ሰዓት ድረስ መሬቱን ማንም እንዳልሰጣቸው አላስተዋለም። ተረቱ የተሠራው ለዚህች ባዶ ቦታ ነው። «ሰነፎቹ ተቀጡ» ብሎ የሚዘጋ አንባቢ ዓምዱን ሳይሞላ ነው የሄደው።

ጭድ፣ ጭቃ፣ ብሎኬት

ሁለተኛው ሥራ ዕቃዎቹን በአካባቢው ዓይን መፈተሽ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ትንታኔ የሚሳሳተው። በእንግሊዝኛው ጭድ፣ ቁጥቋጦ፣ ጡብ እየጠነከረ የሚሄድ ደረጃ ነው። በእኛ ሠፈር ግን ደረጃው እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም።

የጭድ ቤት የሚባል ነገር በእኛ ዘንድ የለም። ጎጆ የሚከደነው በሳር ነው፤ የጤፍ ጭድ ለብቻው አይቆምም። ጭድ የሚቆመው ጭቃ ውስጥ ሲገባ ነው። ጥር ደግሞ ጤፍ ተወቅቶ ጭድ የሚበዛበት ወር ነው፤ ታላቅየው ወቅቱ የሰጠውን ወሰደ። እኅቱ ጭቃ ስታቦካ ያለ ጭድ አይሆንላትም። የታላቁ ዕቃ በመካከለኛዋ ግድግዳ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ሞኝ የተባለው ዕቃ ሁለተኛውን ቤት ያያዘው ነው።

ጭቃ ቤት ደግሞ የችኮላ ሥራ አይደለም። ቋሚው አጣና ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይቀበራል፤ የሚቀበረው ጫፍ ቶሎ እንዳይበሰብስና እንዳይነቅዝ በእሳት ይለበለባል ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ማገሩ ከውስጥም ከውጭም በሚስማር ይመታል። አፈሩ ከጭዱ ጋር ተቀላቅሎ ውሃ እየተጨመረበት ለቀናት ይረገጣል፤ ጭዱ ሟሽሾ ከአፈሩ ጋር ሲዋሐድ ነው ጭቃው የሚያያዘው። ይህን ጊዜ ያሳጠረ ሰው ግድግዳው ሲደርቅ ይሸራረፍበታል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላዋል፤ ልስኑ ከዚያ ይከተላል።

ጅቡ በትንፋሽ ያልቻለው ለዚህ ነው። የጭቃ ቤት ጠላት ውሃ ነው፤ ያውም ከላይ የሚወርደው ሳይሆን ከታች የሚረጨው። ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ዝናብ መሬቱን መትቶ ይረጭና የግድግዳውን እግር ያርሰዋል፤ ሐምሌና ነሐሴን በሙሉ ሳይደርቅ ይከርማል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ግድግዳው ከመሬት 40 እና 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቀመጣል፣ የጣሪያው ክፈፍ ወደ ውጭ ይረዝማል፣ ዙሪያውን ቦይ ይቆፈራል። ተረቱ «በነሐሴ የግድግዳው እግር ረሰረሰ» ሲል ይህን ያውቃል። መካከለኛዋ የጎደላት ትጋት አልነበረም። የጎደላት ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ የጫነ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ አላጋጠማትም።

ወደ ብሎኬቱ እንምጣ። 40 በ20 የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 12 ወይም 13 ይገባል። 4 በ4 ሜትር የሆነች፣ ከፍታዋ 2.80 የሆነች አንዲት ክፍል በርና መስኮቷ ተቀንሶ ወደ 500 ብሎኬት ትበላለች። ይህን በአንድ ሌሊት መደርደር ማለት ውኃ ልክ ሳይጠበቅ፣ ሙሌቱ ሳይጠገብ፣ ሲሚንቶው ውሃ እየጠጣ ቢያንስ ሳምንት ሳይቆይ መደርደር ነው። ከሥሩ ያለውም አፈር አለ። ከአቃቂ እስከ ቦሌ ለሚ ያለው የከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻ ብዙው ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰበሰባል፤ ላዩ ላይ ያለውን ቤት ያነሣዋል ያወርደዋል። ዋልካው ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ ካልተተካ ወይም መሠረቱ ከዋልካው በታች ካልወረደ፣ ስንጥቁ ግድግዳው በሚደክምበት ቦታ ይጀምራል፤ ያም የበርና የመስኮት ማዕዘን ነው። ወቅቱ ደግሞ በጋ ሲገባ ነው። የተረቱ ስንጥቅ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ወር ነው የታየችው።

እንግዲህ ሦስቱን በጊዜ ብንደረድራቸው የለመድነው ፍርድ ይገለበጣል። ከሁሉ የዘገየውና በትዕግሥት የተሠራው ጭቃ ቤቱ ነው፤ ከሁሉ የተቻኮለው ብሎኬቱ ነው። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለውን ተረትና ምሳሌ በታላቅየው ላይ የሚለጥፍ ሰው ይኖራል፤ በጽሑፉ መሠረት የሚገባው ለታናሽየው ነው። እሱም ቢሆን የተቻኮለው ቅጠል ሊበጥስ አይደለም። ለምን በሌሊት? ለምን በጨረቃ? የዳርቻ ነዋሪ ጨረቃ ቤት ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ ተቆጣጣሪ በማያይበት ሌሊት የሚቆም፣ ሲነጋ «ሰው የሚኖርበት» ሆኖ የሚገኝ ቤት ነው። ጥራቱን ያጎደለው የባለቤቱ ስንፍና ሳይሆን የመሬቱ ጥያቄ ነው። መሬቱ ላይ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው መሠረት አያወፍርም፤ ነገ ሊፈርስ ይችላልና ገንዘቡን ከሥር አይቀብርም። ተረቱ በአንድ የጨረቃ ዓረፍተ ነገርና በአንዲት ስንጥቅ ይህን ሁሉ ይዟል። በእኛ እምነት የተረቱ ምርጥ ቦታ ይህ ነው።

ተኩላው ለምን ጅብ ሆነ

አሳማው ግልገል የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በአብዛኛው ቤት አሳማ የልጆች ተረት ጀግና ለመሆን ይከብደዋል። የጅቡ ግን ሰፊ ነው። ጅብ በአማርኛ ተረት ውስጥ ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም። ሆዳም ነው፣ ይታለላል፣ ጦጣና ቀበሮ ይጫወቱበታል። በእንጦጦና በየካ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ደግሞ ሌሊት ድምፁ የሚሰማ እውነተኛ አውሬ ነው። ቁርበቱም ከታወቀው አባባል የመጣ ነው፤ በማያውቁት አገር ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። ተረቱ ይህን አባባል አዙሮታል። ግልገሎቹ ጅቡን በደንብ ያውቁታል፤ ሁለት ቤት አፍርሶባቸዋል። ያነጠፉለት ስላላወቁት ሳይሆን በቀን፣ አንኳኩቶ፣ ወረቀት ይዞ ስለመጣ ነው።

ጅቡ ማነው? በዚህ ላይ አንባቢ ይከፈላል። አንዱ መንግሥት ነው ይላል፣ ሌላው ደላላ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ዕጣ ፈንታ ነው ብሎ ይገላገላል። እያንዳንዱን ግምት በጽሑፉ መፈተን ይቻላል። መንግሥት ነው የሚለው ከጥያቄው ጋር ይገጥማል፤ «መሬቱን ማን ሰጣችሁ» ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን የመሬት አስተዳደር ነው። ነገር ግን አስቀድሞ በሌሊት ሊበላቸው ከመጣው ጋር አይገጥምም። ደላላ ነው የሚለው ከሆዳምነቱና ከመልክ ለዋጭነቱ ጋር ይገጥማል፤ ከጥያቄው ጋር ግን ይጋጫል፣ ደላላ መሬቱን ከማን እንደተገዛ ያውቃልና። ዕጣ ፈንታ ወረቀት አይዝም። ሦስቱም ቁልፍ በሩን በግማሽ ይከፍታሉ፤ ይህ የተረቱ ድክመት አይደለም። አንድ እንስሳ ለአንድ ሰው ብቻ ሲቆም ተረት መሆኑ ቀርቶ ስድብ ይሆናል።

ከጅቡ ማንነት ይልቅ ወረቀቱ ሊያሳስበን ይገባል። ወረቀቱ አልተነበበም። ጅቡ አልዘረጋውም፣ ግልገሎቹም አሳየን አላሉም። በዳርቻው ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ መጠየቅ የሚገባው ነገር አለ፦ በማን ስም ነው፣ የካርታው ቁጥር ስንት ነው፣ የቦታው ስፋትና ወሰን መሬት ላይ ካለው ጋር ይገጥማል ወይ፣ ማኅተሙ የየትኛው መሥሪያ ቤት ነው፣ በክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ካለው ፋይል ጋር ሲመሳከር ይገኛል ወይ። ግልገሎቹ ቡና ማፍላቱን አስቀደሙ። በ1890ው ተረት ውሃ የፈላው ተኩላውን ለመቀቀል ነበር፤ እዚህ የፈላው እሱን ለማስተናገድ ነው። በሁለቱ ተረቶች መካከል ካለው ለውጥ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ግልገሎቹ በሌሊት ሲነፋ የሚከላከሉትን ያህል በቀን ሲጠየቁ መከላከያ የላቸውም።

ጥያቄው ከሕጉ ጋር

ጅቡ ብሎኬቱንና መሬቱን የለየበት መንገድ ዝም ብሎ ብልጠት አይደለም። የአገሪቱ ሕግ ራሱ በዚሁ መስመር ይለያቸዋል። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 በንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥም ይደነግጋል፤ በንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ በሚገነባው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት ይሰጠዋል። ግድግዳው የግልገሉ ነው፣ ከሥሩ ያለው አይደለም። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የከተማ ቦታ የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ ነው። ከገበሬ ላይ በሦስት ምስክር በተፈረመ የመንደር ውል የተገዛ ቦታ ገንዘቡ እውነተኛ፣ ምስክሩ እውነተኛ፣ ቤቱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ መሬቱን አያስተላልፍም። ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሕጋዊ ለማድረግ በየጊዜው የተሞከረው በአየር ፎቶ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ የ1988 እና የ1997 ፎቶዎች ለብዙ ቤት ዕጣ የወሰኑ ናቸው። ከላይ ሲታይ የነበረ ቤት ይቆጠራል፣ ያልነበረ አይቆጠርም። ፎቶው ግድግዳው ጭቃ ይሁን ብሎኬት አይጠይቅም።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ጅቡ ልክ ነው» ሊል ይችላል። ተረቱ እንደዚያ አላለም። መሬቱን ማን ሰጣችሁ ማለትና መሬት ከየት ማግኘት ነበረባችሁ ማለት ሁለት ጥያቄ ናቸው። እናታቸው የምታበላቸው አጥታ የሰደደቻቸው ሦስት ልጆች በጨረታ የሚወዳደሩበት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ጽሑፉ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ተረቱን ወደ አንዱ ወገን ብቻ የሚጎትት ሰው ወይ መጀመሪያውን ወይ መጨረሻውን ይቆርጠዋል።

በክፍል ውስጥ

በዳርቻ ትምህርት ቤቶች ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪ ተረቱ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። የሚያበላሸው «ከተረቱ ምን ተማራችሁ?» ብሎ መጀመር ነው፤ ተማሪው ከካርቱኑ የሚያውቀውን ስንፍናና ትጋት አውጥቶ ይመልስና ነገሩ ያልቃል። ይልቅ ተረቱ «በሩ ተንኳኳ» እስከሚለው ድረስ ይነበብ፣ መጽሐፉ ይከደን፣ ተማሪዎች አራቱን ዓምድ በደብተራቸው ያስምሩና በቡድን ይሙሉ፤ 15 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ መጨረሻው ይነበብ። ባዶውን ቦታ ራሳቸው ሲያገኙት መምህሩ አንድም ነገር መናገር አያስፈልገውም። ቀጥሎ ማን ቸኮለ፣ ለምን ቸኮለ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ጨረቃዋን ቶሎ የሚያነሱት ብዙውን ጊዜ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ናቸው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ቤቱ የፈረሰበት ልጅ ይኖራል። «ከእናንተ መካከል እንዲህ የገጠመው አለ?» ተብሎ አይጠየቅ፤ ጥያቄው በግልገሎቹ ላይ ይቆይ። ልጁ መናገር ከፈለገ በታላቅየው ስም ይናገራል፤ ተረቱ የተሰጠው ለዚያ ነው። አንድ ተማሪ ወላጆቹ መሬት በገዙበት ውል ምን እንደሚሆን ከጠየቀ ግን መምህሩ መልሱን ከተረቱ አያውጣ፤ ወረቀቱን ይዘው ወደ ክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት እንዲሄዱ፣ ከዚያ በፊትም ለማንም ዋናውን ቅጂ አሳልፈው እንዳይሰጡ ይንገረው።